የዳታቤዝ አጋፋሪ

የጤና ወር በ20 ይዘጋል። ለሌላው ሰው ወር የሚያልቀው በ30 ቢሆንም የጤና ተቋማት ሪፖርት ከ21 ተነሥቶ በቀጣዩ ወር 20 ላይ ያቆማል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር ከ21 በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት የጥድፊያ ቀናት ናቸው። በደብረ ታቦር ከተማ፣ በፋርታ፣ በእስቴ፣ በስማዳ፣ በላይና በታች ጋይንት፣ ኤችአይቲ የሚባሉት የጤና መረጃ ባለሙያዎች ወፋፍራም መዝገቦቻቸውን ዘርግተው ስንት እናት በጤና ጣቢያ እንደወለደች፣ ስንት ሕፃን የኩፍኝ ክትባት እንዳገኘ፣ ስንት ሰው ወባ እንደተገኘበት ይቆጥራሉ። የቆጠሩትንም ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሥርዓት ላይ ያስገባሉ።

ሁሉም የሚያስገባው በአንድ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ስክሪኑ መሐል ትንሿ ክብ መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች። ባለሙያው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ ያደርግና በአገሩ ቢሮ ሁሉ የምትታወቀውን ሐረግ ይናገራል፦ «ሲስተም የለም።»

«ሲስተም የለም» ብዙ ገመና የምትሸፍን ሐረግ ናት። ገመድ ተቆርጦ ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ ሰውየው ምሳ ሊወጣ ፈልጎም ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ገመዱ ደህና ነው፣ መብራቱም አለ፣ ሰርቨሩም በርቷል፤ የታጣው ከወዲያኛው ጫፍ መቀመጫ ነው። ዳታቤዝ ሰርቨር ለመጣበት ደንበኛ ሁሉ ከሚሞሪው ላይ ቆርሶ ይሰጣል። ሚሞሪ ደግሞ ያልቃል።

ዲኤችአይኤስ 2 ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ ሲወድቅ የአገሪቱን የጤና መረጃ እንደ አዲስ ለማደራጀት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሥራ በኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ እጅ አድጎ ዛሬ በብዙ አገሮች ጤና ሚኒስቴሮች ውስጥ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ሆኗል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገር ደረጃ ተቀብሎታል። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ 13ኛ ወር ሲያይ አይደነግጥም። ከውጭ ለመጣ ሶፍትዌር ይህ ቀላል ጨዋነት አይደለም።

ባለሙያው የሚያየው ገጽ ቁጥሮቹን በራሱ አያስቀምጥም። ከገጹ ጀርባ አንድ የጃቫ ፕሮግራም አለ፤ ከፕሮግራሙ ጀርባ ደግሞ ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝ። ዳታቤዝን በአማርኛ «የመረጃ ቋት» ብለው የሰየሙት ሰዎች ወፍጮ ቤት የሚያውቁ መሆን አለባቸው፤ ቋት ከወፍጮው ሥር ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ነውና። ጥሩ ስም ነው። የሚያሳየው ግን የተጠራቀመውን ዱቄት እንጂ ደጅ ላይ አህያውን አስሮ ተራ የሚጠብቀውን ሰው አይደለም።

ደጁን ለማየት ከወፍጮ ይልቅ ግብር ይሻላል። ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ፣ በኋላም የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች። መኳንንቱና ወታደሩ ግብር በሚበላበት አዳራሽ ደጅ ላይ አጋፋሪ ይቆማል። አጋፋሪ አያበላም፣ አይቀዳም። ማን እንደሚገባ፣ ስንት ሰው እንደገባ፣ ለማን ቦታ እንዳለ ማወቅ ነው ሥራው። የገባውን የሚያስተናግደው አሳላፊ ነው።

ፖስትግሬስ ቤት አጋፋሪው ፖስትማስተር ይባላል። በ5432 ቁጥር በር ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ይጠብቃል። አንድ ደንበኛ ሲያንኳኳ ፖስትማስተር ራሱን ያባዛል፤ በሊኑክስ ሰዎች ቋንቋ ፎርክ ያደርጋል። የተወለደው ፕሮሰስ የዚያ ደንበኛ የግል አሳላፊ ይሆናል። እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ሌላ ሰው አያስተናግድም። 50 እንግዳ ካለ 50 አሳላፊ አለ። የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው እንኳ አጋፋሪው ሳይሆን አዲስ የተወለደው አሳላፊ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ተሳስቶ የሚባረር እንግዳም ለአንድ አፍታ አሳላፊ አስወልዶ ነው የሚሄደው።

ራሱን ያባዛል ሲባል ሚሞሪው እንዳለ ይገለበጣል ማለት አይደለም። የሊኑክስ ከርነል ሚሞሪን የሚያስተዳድረው በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ በተለመደው ኮምፒውተር 4 ኪሎባይት ነው። ወላጅና ልጅ መጀመሪያ ላይ አንዱን ገጽ አብረው ያነባሉ፤ አንዳቸው ሊጽፉበት ሲነሡ ብቻ ያ ገጽ ለብቻ ይገለበጣል። መወለድ በራሱ ርካሽ ነው። ወጪው የሚመጣው ከኑሮው ነው።

አዳራሹ መሐል አንድ ትልቅ የጋራ መሶብ አለ፤ ሼርድ በፈርስ ይሉታል። ከዲስክ የተነበበ መረጃ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ሁሉም አሳላፊ ከዚያ ያነሣል። ፖስትግሬስ ሲጫን መሶቡ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ለቁም ነገር ለቆመ ሰርቨር ግን ከጠቅላላው ሚሞሪ ሩብ ያህሉን መስጠት የተለመደ መነሻ ነው። መሶቡ የሚዘረጋው ሰርቨሩ ሲነሣ ነው። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም መጠኑ አይለወጥም። ራስ ምታቱ ያለው ለእያንዳንዱ እንግዳ ለብቻ በሚወጣው ላይ ነው።

አሳላፊው ሥራ ሲጀምር ቤቱን መልመድ አለበት። የትኛው ሠንጠረዥ የት እንዳለ፣ ዓምዶቹ ምን ምን እንደሆኑ፣ በነካ ቁጥር በግል ማስታወሻው ይይዛል። ማስታወሻውን ለባልንጀራው አያውስም። መቶ አሳላፊ አንድን ሠንጠረዥ ቢነካ ስለዚያ ሠንጠረዥ መቶ ማስታወሻ ይጻፋል። ብዙ ሠንጠረዥ ባለው ዳታቤዝ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየ ግንኙነት፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ተቀምጦ እንኳ፣ ብዙ ሜጋባይት ታቅፎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የባሰ የተደበቀ ወጪ ደግሞ አለ። የጋራ መሶቡ 2 ጊጋባይት ነው እንበል። በ4 ኪሎባይት ሲሸነሸን 524,288 ገጽ ይወጣዋል። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ እነዚያ ገጾች የት እንዳሉ የሚያመለክት ዝርዝር ይይዛል፤ ለአንድ ገጽ 8 ባይት። መሶቡን ከዳር እስከ ዳር የዳሰሰ አሳላፊ ዝርዝሩ ብቻ 4 ሜጋባይት ይሆናል። 200 አሳላፊ ካለ 800 ሜጋባይት ለዝርዝር ሄደ፤ አንድ እንጀራ ሳይቆረስ። 2 ሜጋባይት ስፋት ያላቸውን ትልልቅ ገጾች መጠቀም ይህን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ግን አስቀድሞ አስቦ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋል።

ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ፕሮሰስ የሚለው ልማድ የመጣው ከአሮጌ ዘመን ነው። ፖስትግሬስ በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲጀመር በየዩኒክሱ ላይ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብዙ ሥራ የሚያስኬድ፣ የሚታመን የትሬድ አሠራር አልነበረም። ልማዱ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ በጎ ጎንም አለው። አንድ አሳላፊ ድስት ቢደፋ ጎረቤቱ ድስት ውስጥ አይፈስም።

ሌላው ዝነኛ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ብቅ ያለው ማይኤስኪውኤል ነው። «ማይ» የመሥራቹ የማይክል ዊደኒየስ ልጅ ስም ናት፤ ታናሽ እኅቷ ማሪያ ደግሞ ኋላ ለመጣው ማሪያዲቢ ስሟን ሰጥታለች። እዚህ ቤት ለእንግዳው አዲስ ፕሮሰስ አይወለድለትም፤ በአንዱ ፕሮሰስ ውስጥ ትሬድ ይመደብለታል። ትሬዶች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጓዳው አንድ ነው፣ ማስታወሻውም አንድ። እንግዳው ሲወጣ ትሬዱ ወዲያው አይሰናበትም፤ ለሚቀጥለው እንግዳ ደጅ አጠገብ ይቆያል። ወጪው ይቀንሳል። ጣሪያው ከተቃጠለ ግን የሚተርፍ የለም።

ማይኤስኪውኤል ለአንድ እንግዳ የሚቆርሰው በሦስት በኩል ነው። ለትሬዱ መቆሚያ የሚሆን ስታክ አለ፤ በኋለኞቹ የ8.0 ዕትሞች 1 ሜጋባይት ነው። ጥያቄ የሚቀበልበትና መልስ የሚልክበት ሁለት ማቆያ አለ፤ እያንዳንዳቸው በ16 ኪሎባይት ይጀምሩና መልእክቱ ሲገዝፍ አብረው ይሰፋሉ። የመልሱ ማቆያ ጥያቄው ሲያልቅ ወደ 16 ኪሎባይቱ ይመለሳል። ሦስተኛው ሥራው ሲጠይቅ ብቻ የሚመጣው ነው፦ ለመደርደር 256 ኪሎባይት፣ ሁለት ሠንጠረዥ ያለ ማውጫ ለማጣመር ሌላ 256 ኪሎባይት። የሚጣመሩት ሠንጠረዦች ከበዙ ማጣመሪያውም ይበዛል።

1 ሜጋባይት ተመደበ ሲባል ግን ቶሎ መደመር አይገባም። ሊኑክስ ሚሞሪ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚሰጠው ቃል ብቻ ነው። እህሉ የሚሰፈረው ፕሮግራሙ ገጹን በእጁ ሲነካ ነው። ለሠርግ «አንድ በግ በእኔ ይሁን» እንደሚል ዘመድ ነው፤ በጉ እስኪታረድ ድረስ በረቱ አይጎድልም። ከርነሉም እንደዚያ ዘመድ ካለው በላይ ቃል ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን እንደማይጠይቀው ተማምኖ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የጤና ወር በተዘጋ ማግሥት ግን ሠርጉ ሁሉ በአንድ ቀን ይውላል።

እዚህ ላይ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባት ቁጥር ትመጣለች። ስሟ ወርክ ሜም ነው፤ ፖስትግሬስ ሲጫን 4 ሜጋባይት ናት። ብዙ ሰው የአንድ ግንኙነት ድርሻ ትመስለዋለች። አይደለችም። አንድ ጥያቄ ሲሠራ በውስጡ ለሚደረግ ለእያንዳንዱ መደርደርና ለእያንዳንዱ ማጣመሪያ ሠንጠረዥ የተፈቀደች ጣሪያ ናት። አንድ ጥያቄ ሦስት ቦታ ቢደረድር ሦስት ጊዜ ይቆረስለታል። ከ2022ቱ 15ኛ ዕትም ወዲህ ደግሞ ሃሽ በሚባለው ዘዴ ለሚሠራ ማጣመር ድርሻው እጥፍ ነው።

የዞን ጤና መምሪያ ባለሙያ የዓመቱን የእናቶች አገልግሎት በወረዳ በወረዳ ዘርዝሮ ማየት ፈለገ እንበል። ጥያቄው ሺህ በሺህ መስመሮችን ይሰበስባል፣ ይደምራል፣ ይደረድራል። አሳላፊው ለዚህ ሥራ አዲስ የሚሞሪ ክፍል ይከፍታል፤ ፖስትግሬሶች ሚሞሪ ኮንቴክስት ይሉታል። ከርነሉን በየደቂቃው ለጥቂት ባይት ላለማስቸገር መጀመሪያ 8 ኪሎባይት ያህል ይወስዳል፤ ሲሞላ እጥፉን፣ እንደገና እጥፉን፣ እስከ 8 ሜጋባይት እያሳደገ ይቀጥላል። ጥያቄው ሲያልቅ ፍርፋሪ እየለቀመ አይመልስም፤ ሰፌዱን እንዳለ ያነሣል። በዚህ የተነሣ የተረሳ ቁራጭ ጓዳ ውስጥ አይሻግትም። በእኔ እምነት ከፖስትግሬስ ሥራዎች ሁሉ ብልህነቱ ያልተወራለት ይሄ ነው።

ወርክ ሜም ካልበቃስ? ጥያቄው አይሞትም። አሳላፊው የተረፈውን ወደ ዲስክ እየጻፈ በየክምሩ ይደረድርና በኋላ ያዋሕደዋል። ይሠራል፤ ግን ይዘገያል። የሚዘገይ ጥያቄ ደግሞ መቀመጫውን ይዞ ይቆያል። አስተዳዳሪው ይህን አይቶ ወርክ ሜምን ከ4 ወደ 24 ሜጋባይት ከፍ ያደርጋል። በዚያው እጁ «ቦታ ጠበበ» የሚለው እንዳይበዛ የእንግዶቹን ጣሪያ ከ100 ወደ 200 ያነሣል።

አሁን ሒሳቡ ይሠራ። ሰርቨሩ 8 ጊጋባይት፣ ማለትም 8,192 ሜጋባይት አለው። 2,048ቱ ለጋራ መሶቡ ሄዷል። 200 እንግዳ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረድር 4,800 ሜጋባይት። ሁለቱ ሲደመሩ 6,848 ነው፤ ዝርዝሩን፣ ማስታወሻውንና የሲስተሙን የራሱን ፍጆታ ስንጨምር ጢም ብሎ ሞልቷል። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ደርድሮ አንድ ጊዜ በሃሽ ቢያጣምርስ? 24 እና 48፣ 72 ሜጋባይት ለአንድ ሰው። ለ200 ሰው 14,400። ከመሶቡ የተረፈው እህል የዚህን ግማሽ አይሞላም።

ይህ በየቀኑ አይደርስም። ወሩን ሙሉ 200ው ወንበር ሩቡም አይሞላ ይሆናል፤ የተቀመጡትም አብዛኞቹ ቡና እንደሚጠባበቅ ሰው ዝም ብለው ነው። ቁጥሩ ለወራት ትክክል ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው በ22 ወይም በ23፣ ወደ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቃሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ከርነሉ አንድ የመጨረሻ መሣሪያ ያነሣል። ኦኦኤም ኪለር ይሉታል፤ ሚሞሪ ሲያልቅ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ መርጦ የሚገድል። ማይኤስኪውኤል ቤት ሁሉም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆነ ከተመረጠ ቤቱ በሙሉ ይሄዳል። ፖስትግሬስ ቤት አንድ አሳላፊ ብቻ ሊገደል ይችላል፤ ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። የሞተው አሳላፊ እጁ የጋራ መሶቡ ውስጥ እያለ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ምን እንዳበላሸ አጋፋሪው ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ፖስትማስተር አዳራሹን ባዶ ያደርጋል፦ የቀሩትን አሳላፊዎች ሁሉ ያሰናብታል፣ መሶቡን እንደ አዲስ ይዘረጋል፣ ከመዝገቡ ያመነውን መልሶ ያነባል፣ ደጁን ይከፍታል። ስማዳ ላይ የክትባት ቁጥር ሲያስገባ የነበረው ሰው የዞኑ ሪፖርት ባመጣው ጣጣ ተባረረ ማለት ነው። እሱ ግን የሚያውቀው ሲስተም እንደሌለ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የእንግዶቹ ጣሪያ መጀመሪያውኑ ዝቅ ብሎ የተተከለው። ፖስትግሬስ ሲጫን 100 ይቀበላል፤ ከነዚያም 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተጠበቁ ስለሆኑ ተራው ሰው የሚደርሰው 97 ነው። 100ውም ከሞላ በኋላ የመጣው በትሕትና ይመለሳል፤ የእንግሊዝኛው መልእክት በ«ይቅርታ» ይጀምርና ደንበኛ መብዛቱን ይገልጻል። ማይኤስኪውኤል 151 ይቀበላል፤ ለአስተዳዳሪው አንድ ተጨማሪ ወንበር ከበር ኋላ ያስቀምጥና ሌላውን 1040 በሚል የስሕተት ቁጥር ይመልሳል። ይቅርታ የለውም።

መመለስ የሚያስቀይም ቢመስልም ቤቱን ከማፍረስ ይሻላል። ግን መመለስም መቀበልም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የቤተ መንግሥት ሰዎች ድሮ ያውቁታል። ግብር ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገባም። መኳንንቱ ይቀድማሉ፤ በልተው ሲወጡ የሚቀጥለው ማዕረግ ይገባል፤ ከዚያ ወታደሩ፣ ከዚያ የቀረው። አዳራሹ አልሰፋም፣ አሳላፊውም አልበዛም። የሰዉ ተራ ነው ቤቱን ያሰፋው።

በዳታቤዝ ዓለም ይህ አሠራር ኮኔክሽን ፑል ይባላል። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ አለው፤ የጃቫው ፕሮግራም ከፖስትግሬስ ጋር ካልተነገረው በቀር ቢበዛ 80 ግንኙነት ይይዛል። የደብረ ታቦሩም፣ የአዲስ ዘመኑም፣ የነፋስ መውጫውም ባለሙያ ዳታቤዙን በቀጥታ አይነካም። ጥያቄው ከ80ዎቹ አንዱ እስኪለቀቅ ይጠብቅና ለአፍታ ተውሶ ይመልሳል። 80 ወንበር ለአገር ያንሳል የሚል ሰው ይህን ያስላ፦ አንድ ቁጥር ማስገባት ዳታቤዙን የሚይዘው ለ50 ሚሊሰከንድ ቢሆን 80 ወንበር በሰከንድ 1,600 ሰው ያስተናግዳል። አንድ ሪፖርት 10 ሰከንድ ቢወስድ ግን ያው 80 ወንበር በሰከንድ የሚያስተናግደው 8 ሰው ነው። ስለዚህ በ22 የሚያጨናንቀው ከጤና ጣቢያ የሚያስገባው ሰው አይደለም። ቁጥሩ ገና በሙሉ ሳይገባ ለማየት የቸኮለው አለቃ ነው።

ወንበር መጨመርም አስተዳዳሪው የሚያስበውን ያህል አያተርፍለትም። 8 ኮር ያለው ሰርቨር በአንዲት ቅጽበት በእውነት የሚሠራው 8 ሥራ ነው፤ የቀረው ተሰልፎ ነው። በፖስትግሬስ ተጠቃሚዎች መካከል የቆየ የግምት ደንብ አለ፦ የኮሩን ቁጥር በሁለት አባዝቶ የዲስኩን ቁጥር መደመር። 8 ኮርና አንድ ዲስክ ላለው 17። አስተዳዳሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሞክረው ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ፖስትግሬስ በራሱ ሆድ ውስጥ ፑል የለውም። ስለዚህ ሰዎች ከደጁ ፊት ለፊት ሌላ ትንሽ አጋፋሪ ያቆማሉ። ስመ ጥሩው ፒጂባውንሰር ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስካይፕ ኩባንያ ባለሙያዎች እጅ የወጣ። ደጅ ላይ የሚጠብቀውን እንግዳ ለመያዝ የሚያወጣው ወጪ ለአንድ ሰው 2 ኪሎባይት ያህል ነው። ሺህ ሰው ደጅ ላይ ቢቆም 2 ሜጋባይት። በሥራ በሥራ እንዲያፈራርቅ ከተዋቀረ ግን ውስጥ የሚያስገባው ሥራ ያለውን ብቻ ነው፤ እንግዳው ሥራውን ሲጨርስ አሳላፊው ወዲያው ለሌላ ይተላለፋል። ለዚህ ዋጋ አለው። አሳላፊው ስለሚለዋወጥ «ቅድም የነገርኩህን አስታውስ» ማለት አይቻልም፤ በግንኙነቱ ላይ የተቀመጠ የግል ምርጫ ወይም ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ያለው ፕሮግራም ይደናገራል።

ፑል የሌለበት ቤት ደግሞ ብዙ ነው። በየሆስፒታሉ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቁጠባ ማኅበሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ሥርዓቶች አሉ። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፕሮግራም በገመድ ቀጥታ ማይኤስኪውኤል ደጅ ድረስ ይሄዳል። ጠዋት 2:30 ይከፈታል፣ ግንኙነቱን ይይዛል፣ እስከ ማታ አይለቅም። ማይኤስኪውኤል ዝም ያለን እንግዳ የሚታገሠው 28,800 ሰከንድ ነው፤ 8 ሰዓት። ቁጥሩን የመረጠው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ይመስላል። በ2:30 ተከፍቶ የተረሳ ግንኙነት የሚነሣው 10:30 ላይ ነው፣ ሰው ቦርሳውን ማንሣት ሲጀምር።

ለደጋው አገር ግን ከተረሳ እንግዳ የባሰ አለ። መብራት። ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሲዘጋ ፕሮግራሙ ለሰርቨሩ ይሰናበታል፤ መቀመጫው ይለቀቃል። መብራት ሲጠፋ ስንብት የለም። ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ባለው ዩፒኤስ ላይ ቆሞ ከወዲያ መልእክት ይጠብቃል። ዝምታ ይሰማል። ዝምታን ደግሞ ሰርቨሩ ከሐሳብ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ እንግዳው ሞተም፣ ምን ልጠይቅ ብሎ አሰበም፣ ድምፁ አንድ ነው። ሊኑክስ ለእንዲህ ያለው ጊዜ «አለህ ወይ?» የሚል ጥሪ አለው። የመጀመሪያውን ጥሪ የሚልከው ግን ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዓት። መልስ ካጣ በየ75 ሰከንዱ እስከ 9 ጊዜ ይጠራል። በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያህል ከሌለ ሰው ጋር ይቀመጣል።

ጉና ተራራ ላይ ደመና ተንጠልጥሎ ነጎድጓድ በሚያስገመግምበት የሐምሌ ቀን፣ 60 ኮምፒውተር ያለው አንድ ግቢ ይታሰብ። ጠዋት 60 መቀመጫ ተይዟል። 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን አበራ። 60 አዲስ እንግዳ ገባ፤ አሮጌዎቹ 60 አልተነሡም። 120። 5 ሰዓት ላይ እንደገና ጠፋ፣ እንደገና መጣ። አሁን የቀረው 31 ወንበር ነው። ቀድሞ ያበራ 31 ሰው ገባ፤ 29 ሰው 1040 የሚል ቁጥር ስክሪኑ ላይ አየ። ግቢው ውስጥ ሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር 31 ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ 151 እንግዳ አለኝ ይላል። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት የሚሰጠው ትእዛዝ ጣሪያውን ወደ 500 ከፍ አድርጉት የሚል ነው፤ ለሌሉ ሰዎች ተጨማሪ ዳስ እንደመጣል።

መድኃኒቱ ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ ከ7,200 ሰከንድ ወደ 300 ማውረድ፣ የዝምታውንም ትዕግሥት ከ28,800 ወደ 600 ወይም ወደ 900። ፖስትግሬስ ቤትም ተመሳሳይ ልጓሞች አሉ፤ ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ ዝም ያለውን የሚያስወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. መጣ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠውን የሚያስወጣው በ2021። ሁለቱም ሲጫኑ ጠፍተው ነው የሚመጡት፤ የሚያበራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

በዚያ ግቢ ያለው የአይቲ ባለሙያ ግን ይህን ሁሉ ከማስተካከሉ በፊት መግባት አለበት። ደጁ ሞልቷል። ከበር ኋላ ያለችው አንዷ ወንበር ለዚህ ነበር የተቀመጠችው። በእሷ ይገባና የተቀመጡትን ሁሉ ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ ይጽፋል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ይሞላል። ከየኮምፒውተሩ ስም አጠገብ «ስሊፕ» የሚል ቃል አለ፣ ከጎኑ የሰከንድ ቁጥር፦ 40፣ 95፣ 3,310፣ 6,905። ካርድ ክፍል ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ላቦራቶሪ ሦስት ጊዜ። የፋርማሲው ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ፤ የፋርማሲው ልጅ ግን በር ላይ ቆሞ «እኔስ ለምን አልገባም?» እያለ ነው።